ያላፈሰሰው ጣሪያ

ሰበታ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ፀደንያ፣

የላክሽልኝ መድኃኒት ደርሶኛል፤ መመሪያውን ደጋግሜ አንብቤ እንደተባለው እየወሰድኩ ነው። በፎቶው ላይ ከስተሻል። ፈተና ነው እንዳትይኝ፤ እኔም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ወጥቻለሁ፣ ምሳ የሚከለክል ፈተና አላየሁም። ጓደኛሽ ሐኒ ወደ አንካራ ስትመለስ ይህን ደብዳቤ በእጅሽ ትሰጥሻለች። በስልክ ያልነገርኩሽ እናትሽ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው።

አጎትሽ እሸቴ ደህና ነው። ባለፈው እሑድ ሹራብ ይዤለት ሄድኩ። «የፀዲ ጃኬት ኤግዚቢት ሆኖ ቀረ፤ ሌላ ላኪ እንዳትሏት» ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ባላደረገው ነገር ታስሮ እኔን የሚያጽናናኝ እሱ ነው።

ባለባጃጁ አበራ የተገደለው ነሐሴ ላይ፣ አመሻሽ፣ ዶፍ እየጣለ፣ ከባጃጅ ማቆሚያው ጀርባ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሲሸሽ የታየው ሰው አንቺ ለእሸቴ የላክሽለትን ያንን ቢጫ ጃኬት ለብሶ ነበር። ያየችው ባለሱቋ ፈቲያ ናት። ዘመዶቻችን ውሸታም ብለው አገለሏት፤ እናትሽም ከእሷ ሱቅ መግዛት ትታ ለሳሙና ሌላ ሰፈር ትሄዳለች። ደሜን የሚያፈላው ይህ ነው። እናትሽ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ አንቺን አዝላ የከረመች ሴት እኮ ናት።

ጠበቃችን ችሎት ላይ ጮኸባት። ፊቱን አይተሻል ወይ ሲላት፣ «አላየሁም» አለች። «ያየሁት ጃኬቱንና አረማመዱን ነው። ግራ ትከሻውን ጣል አድርጎ ነው የሚሄደው።»

ነፍሱን ይማረውና አባቴ እንደዚያ ነበር የሚሄደው። እሸቴም እንደዚያ ነው። በቤታችን ግን ያንን አረማመድ የወረሰው እሸቴ ብቻ አይደለም።

እኔም ቀርቤ የማውቀውን ተናገርኩ። ያን ቀን ዓለም ገና ከተማ የወዳጃችን የፈቀደ እናት ሞተው ለቅሶ ነበር። እሸቴ መጀመሪያ እኛ ቤት መጣና «ጋሼ፣ በዚህ ቢጫ ነገር ለቅሶ ቤት ብገባ ምን ይሉኛል?» አለኝ። ጃኬቱን በር ጀርባ ሰቅሎ የእኔን ጋቢ ለበሰ። እስኪመሽ ድረስ ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ አልተነሳም። እናትሽም እዚያው ከሴቶቹ ጋር ነበረች። ሁሉንም አንድ በአንድ አስረዳሁ፤ ወደ ኦሮምኛ የሚመልሰውን አስተርጓሚም ሁለቴ አረምኩት። ዳኛዋ ፈገግ አሉ።

ዐቃቤ ሕጉ ከፈቲያና ከእኔ አንዳችን ዋሽተናል አለ። የተማረ ሰው እንዲህ ይላል? ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ስቆጣጠር ነው ያረጀሁት። ሁለት ደህና መለኪያዎች የተለያየ ነገር ሲያሳዩ መጀመሪያ የሚጠየቀው የለኩት ዕቃ አንድ መሆኑ ነው። እሷ ያየችው ጃኬቱን ነው፤ እኔ ያየሁት እሸቴን። ዳኛዋ ይህ ገብቷቸዋል። ሰዓቱ አልቆ ሲነሱ «ኦቦ ወርቁ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮም ይቅረቡ» አሉኝ። «ጃኬቱ ቤትዎ ሲቀር፣ ቤት ውስጥ ማን እንደቀረ እንጠይቅዎታለን።»

ፀዲዬ፣ ከለቅሶ ስንመለስ ጃኬቱ እንደተሰቀለ ነበር፤ ግን ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ጣሪያው አፈሰሰ ብዬ ወንድምሽን ወንዲን ተቆጣሁት። አበራ ሲነዳለት የነበረውን ባጃጅ ከቀማው ወዲህ ሥራ ፈትቶ ቤት የሚውለው እሱ ነበር፤ ቀን ሙሉ ተቀምጠህ አንድ ቆርቆሮ መምታት አቃተህ አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ። እናትሽ ሳፋ አምጥታ ከበሩ ጀርባ አስቀመጠች፤ ነገሩም በዚያው ተረሳ።

ከችሎት በተመለስኩ ማግስት በጠራራ ፀሐይ በሩን ዘግቼ፣ መስኮቱን ጋርጄ ከቆርቆሮው ሥር ቆምኩ። ቀዳዳ ካለ ብርሃን ያስገባል። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል እንኳ የለችም።

እናትሽ ደርሳ አየችኝ። ምን እንደምፈልግ አልጠየቀችኝም። «ያፈሳል» አለችኝ። «ድሮም ያፈሳል። ወርቁ፣ ልጆቼን እንዳትነካብኝ።» ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር በስሜ ብቻ የጠራችኝ ጊዜ ትንሽ ነው።

ከዚያ ወጥቼ ፈቲያ ሱቅ ሄድኩና ስኳር ገዛሁ። መንገደኛው ሁሉ እንዲያየኝ ቆሜ አወራኋት። «ጋሼ ወርቁ፣ ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አለች። አውቃለሁ አልኳት። አለቀሰች።

ወንዲ በዚያው ሳምንት ሱሉልታ ጓደኛው ጋ ሄደ። የእኔን ስልክ አያነሳም። ላንቺ ግን ይደውላል፤ ከልጅነታችሁ ጀምሮ እኔን ሲፈራ የሚሸሸው ወደ አንቺ ነው። ሲደውል አትቆጪው፣ ምንም አትጠይቂው። ቀጠሮው መጋቢት 3 ነው በይው። አባትህ ከተጠየቀ ይመልሳል፣ ግን ከመጠየቁ በፊት አንተ ብትመጣ ይወዳል በይው። ሱሉልታ ድረስ ሄጄ አመጣዋለሁ፤ በሚኒባሱም በፖሊስ ጣቢያውም ከጎኑ እሆናለሁ። ስንቅም የማመላልስለት እኔው ነኝ። ቁጣዬን ያውቀዋል። ልጄ መሆኑን ግን ረስቶት እንዳይሆን አንቺ አስታውሺው።

ምሳሽን ብዪ። በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ፤ ፈጣሪ ሁለታችሁንም ለእናታችሁ ያቆይላት።

አባትሽ ወርቁ

ዛሬ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ከጥቅምት ወዲህ ጠብ ያለ ነገር የለም። እናትሽ ሳፋውን ከበሩ ጀርባ አላነሳችም። እኔም አንሺው አላልኳትም።