ጦማሬን ያነበበው ሰው

ውድ ኤስናት፣

ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልጀምር አሰብኩና ተውኩት። ፈርቻለሁ። በስልክ ብነግርሽ ማልቀሴ ስለማይቀር፣ ይህን ደብዳቤ በነገው የብላንታየር አውቶቡስ እልክልሻለሁ። ጦማር ክፈቺ ያልሽኝ አንቺ ነሽና ልትሰሚው ይገባል።

የመጀመሪያ መጽሐፌ በካርቶን እንደታሸገ አቧራ ሲለብስ አይተሽ፣ አንባቢ እስኪመጣ ከመጠበቅ አንባቢ ያለበት መሄድ ይሻላል አልሽኝ። ባለቤቴ ዮሃኔ ግን፣ በነፃ የሚታደል ዓሣ የገማ ነው እያለ ሲያሾፍብኝ ከረመ። እኔ አንቺን ሰማሁ። አዲሱን ልብ ወለዴን እሁድ እሁድ በየምዕራፉ ማውጣት ጀመርኩ። ባሏ የሞተባትን ሴት፣ ባለጀልባው የባሏ ወንድም ከቤቷ ሊያስወጣት ሲነሳ ነው ታሪኩ። ከራሴ ነው የፈጠርኩት። ሰው ወደደው፤ ንካታ ቤይ ገበያ ውስጥ ሴቶች እያስቆሙ «ቀጥሎስ?» ይሉኝ ጀመር። ደስታዬን ምን ልበልሽ፤ ያ ሁሉ ዓመት ብቻዬን ስጽፍ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ባለፈው ማክሰኞ ጓሮ የሐይቁን ትንንሽ ዓሣ፣ ኡሲፓ ሳሰጣ አንድ ጎልማሳ ገባ። አቶ ምሶዎያ እባላለሁ አለ። ውሃ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት።

«የጻፍሽውን ልጄ አነበበችልኝ፣ እህቴ» አለኝ ረጋ ብሎ። «እኔ ጀልባ የለኝም። ያለኝ የጭነት መኪና ነው። እሱን ብቻ ነው የሳትሽው።»

አይቼው እንደማላውቅ ማልኩለት። እንዲህ ያለ የባል ወንድም በየሰፈሩ አለ፤ እሱ ግን አላመነኝም።

«መጨረሻዋን ምን ልታደርጊያት ነው?»

«ገና አላወቅኩም።»

«እንግዲያው እስክታውቂ አትጻፊ።»

ብርጭቆውን ራሱ አጥቦ፣ ደፍቶት ሄደ። እኔ እዚያው ዓሣው አጠገብ ተቀመጥኩ። መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ካለቀ በኋላ ነበር እጁ የሚገባው፤ ጦማር ግን ገና እየጻፍሽ ሳለ የታሪኩ ባለቤት ነኝ ባዩ በርሽ ላይ ይቆማል። ይህን አልነገርሽኝም።

ዮሃኔ ዝጊው አለኝ፤ ያን ጊዜ አላሾፈም። ልዘጋው ስከፍት ላይነስ ከምትባል ሴት መልእክት አገኘሁ። የምሶዎያ ሟች ወንድም ሚስት ናት። ቤቱን ሊረከባት ቀን ቆርጦ ነበር፤ ጽሑፉ ወጥቶ አገር ካወራበት ወዲህ ግን ደጇ ድርሽ አላለም። መጨረሻ ላይ ያለችውን ቃል በቃል ልንገርሽ፦ «እባክሽ እህቴ፣ ሴትየዋን ከቤቷ አታስወጪያት።»

ኤስናት፣ እኔ እኮ ላስወጣት ነበር። ታሪኩ የሚያምረው እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ያንን ምዕራፍ ሰርዤ ሌላ ጻፍኩ፤ ሴትየዋ በሯ ላይ ቆማ እምቢ ትላለች። ይምረር ይጣፍጥ አላውቅም። ዮሃኔ የበሩን መቀርቀሪያ እየጠገነ ነው።

ለደራሲ ጦማር ይበጃል ወይ ለሚሉሽ ምን እንደምትመልሺ እንጃ። ብቻ እሁድ ጠዋት ክፈቺው። አዲሱ ምዕራፍ ከሌለ ደብዳቤ አትጻፊልኝ፤ ነይ።

እህትሽ ታዎንጋ