የራንቬይግን ዓሦች በእኔ ጥቆማ ለሚያስገድሉት ክቡር ኃላፊ

ለክቡር አቶ ቢያርተ ሊንዴሴት
የባሕር እርባታ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤንነት፣ በሞቀ ክፍልና በተረጋጋ ሥልጣን ላይ ሆነው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ለዕድሜዬ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ያመኛል፣ ጆሮዬ ይሰማል፣ እንቅልፍ ግን ካለፈው ወር ወዲህ ከቤቴ ወጥቶ አልተመለሰም። ደብዳቤውን ለእርስዎ በፖስታ፣ ለአገሩ ሰው ደግሞ በጋዜጣ የላክሁት ለእርስዎ ክብር ከማነስ አይደለም፤ ተደብቄ የሠራሁትን በአደባባይ መናገር ስለሚገባኝ ነው።

የክሮክቪካ መንደር ሰው ነኝ። በጎች አሉኝ፣ ጥቂት ድንች እተክላለሁ፣ የቀረውን ጊዜዬን ለባለሥልጣናት በመጻፍ አሳልፋለሁ። ከቤቴ በታች፣ ከባሕሩ ዳር፣ ራንቬይግ አባቷ የጀመረውን የሳልሞን ዓሣ ዘር ማራቢያ ጣቢያ ትመራለች። ሥራዋ አንድ ነው፤ የባሕር ቅማል የማይደፍረው ሳልሞን ማውጣት። የዓሣውን ቆዳ እስከ ሥጋው የሚልጠውን ያንን ተባይ ለእርስዎ ማስተዋወቅ ድፍረት ይሆንብኛል። ዓሣው በመድኃኒት ታጠበ፣ ቅማሉ መድኃኒቱን ለመደው፤ በሙቅ ውኃ ታጠበ፣ ዓሣው ከቅማሉ ቀድሞ ሞተ። ራንቬይግና አባቷ ግን ቅማሉን ከመግደል ይልቅ ዓሣውን ማጠንከር ይሻላል ብለው ዕድሜያቸውን ሰጡ።

በበረዶው ወር አንድ ቀን የጣቢያው መብራት የመኝታ ቤቴን መስኮት እያበራ ስላስቸገረኝ ልቆጣ ወረድሁ። በሩ ክፍት ነበር፤ ሰው አልነበረም። ከፊቴ ባለው ገንዳ ውስጥ ያሉት ዓሦች ራሳቸውና ጀርባቸው በቅማል ተሸፍኖ አየሁ። በወሽመጣችን ስይዘው የኖርሁት ትራውት የሚባል የባሕር ዓሣ በዚሁ ቅማል ተልጦ ሲያልቅ ያየሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ለማሰብ ጊዜ አላጠፋሁም። በስልኬ ፎቶግራፍ አነሣሁ፤ ቤቴ ገብቼም ለእርስዎ ጻፍሁ። ጽሑፉ ጥሩ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ደግሜ አነበብሁት። ከዚያ የደረቀ የበግ ሥጋ ከድንች ጋር በልቼ፣ መብራቱ ፊቴ ላይ እየበራ፣ ድብን ያለ እንቅልፍ ተኛሁ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ስለ ወደቡ መሰላል አቤት ያልሁላቸው ሹም ጡረታ ወጥተው፣ ታመው፣ ተቀብረዋል፤ መልሳቸውን እስካሁን በትዕግሥት እጠብቃለሁ። የራንቬይግ ትእዛዝ ግን በጣሪያዬ ላይ ያለው በረዶ ሳይቀልጥ ደረሰ። ቅማሉ በሕግ ከተፈቀደው ልክ ስላለፈ፣ በጣቢያው ያሉት ዓሦች በሙሉ በመጪው ሰኞ ይገደሉ፣ በመኪናም ተጭነው ይወሰዱ ይላል። ፎቶግራፌም ከትእዛዙ ጋር ተያይዟል። ጥርት ብሎ ወጥቷል።

ሁለተኛ፣ ምንም ስላለመጠየቅዎ አመሰግናለሁ። አንድ ተቆጣጣሪ ብቻ ልከው ቢሆን ኖሮ፣ ራንቬይግ ትእዛዙ በደረሳት ቀን በራፌ ላይ ቆማ የነገረችኝን እርሱም በሰማ ነበር። ቃሏ ለጽሕፈት ቤትዎ ጆሮ የሚመች አይደለም፤ ቢሆንም እንዳለ እጽፈዋለሁ።

«ቶርጋይር፣ በሩ ላይ የተጻፈውን አንብበሃል?» አለችኝ።

«አንብቤያለሁ» አልኋት።

«ምን ይላል?»

«የሙከራ ገንዳ።»

«ታዲያ?»

«ሰበብ መሰለኝ።»

«ሰበብ! ቅማሉን እኮ በባልዲ የደፋሁባቸው እኔ ነኝ! አባቴም ሲደፋ ነው የኖረው። ካልተነከሱ የቱ ዘር እንደሚችለው በምን ልወቅ? መልካቸውን አይቼ?»

ክቡር ሆይ፣ እንደ እኔ ላልገባው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ እናትና ከአንድ አባት የተፈለፈሉት ዓሦች ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሾቹ ቅማል ይደፋባቸዋል፤ ግማሾቹ በሌላ ገንዳ፣ በንጹሕ ውኃ፣ ምንም ሳይነካቸው ያድጋሉ። የተነከሱት ይታያሉ፤ ቅማል እምብዛም ያልያዘው የየትኛው እናት ልጅ እንደሆነ ይታወቃል፤ ከዚያ ለዘር የሚቀሩት በንጹሑ ገንዳ ያሉት ወንድሞቹና እህቶቹ ናቸው። የተነከሱት ራሳቸው አይተርፉም። ቆዳቸው የሚላጠው ለእነዚያ ሲሉ ነው። የእርስዎ ትእዛዝ ግን ሁለቱንም ገንዳ ይገድላል። እንግዲህ ያየኋቸው፣ ፎቶግራፍ ያነሣኋቸው፣ ያዘንሁላቸው እነዚያ ዓሦች በከንቱ ተላጡ ማለት ነው፤ ይህንንም ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ እርስዎ ፈረሙበት ብቻ።

እንደገና ትጀምር እንደሆነ ጠየቅኋት። እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ እንዴት ያለ ድፍረት እንደሆነ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«ከአባቴ እጅ የተቀበልኩት ዘር ነው። አንዱ ትውልድ ለእንቁላል እስኪደርስ አራት ዓመት ይፈልጋል። እስቲ አንተ ቁጠረውና የምደርስ ከሆነ ንገረኝ» አለች። ቀጥላም ኮፍያዋን አጥልቃ «ደኅና ይዋሉ» ብላኝ ሄደች። ከበጎቼ ጋር ስትሯሯጥ ያደገች ልጅ ናት፤ በዕድሜዋ እርስዎ ብላኝ አታውቅም ነበር።

ሦስተኛ፣ ሚዛንዎን አደንቃለሁ። የራንቬይግ ገንዳዎች በየብስ ላይ ናቸው፤ ውኃቸው ተጣርቶ ነው የሚወጣው፤ ከዚያ ቤት አንድ ቅማል ወደ ባሕር ወርዶ አያውቅም። በወሽመጡ አፍ ላይ የተንጣለሉት የትልቁ የዓሣ እርባታ ድርጅት የመረብ በረቶች ግን ቅማላቸውን በነጻ ለባሕሩ ያድላሉ፤ ትራውታችንን የጨረሰውም እርሱ ነው። ስለ እነርሱ ደጋግሜ ጻፍሁ። የማስተካከያ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል ተባልሁ። ጊዜው ሲያልቅ ጊዜ ተጨመረለት፤ የተጨመረውም እንዳይከፋው ሌላ ተጨመረለት። ቅማል የሚያራባው ጊዜ ያገኛል፤ ቅማልን የሚያሸንፍ ዘር የምታወጣው ሰኞ ታገኛለች። እንዲህ ያለውን ፍርድ ለመረዳት ሰባት ዓመት ብቻ ትምህርት ቤት የሄደ ሰው አቅም ያንሰዋል።

አራተኛ፣ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ስደውል ስልክ ያነሣልኝን ትሑት ወጣት ያመስግኑልኝ። ጥቆማዬን ልመልስ እፈልጋለሁ አልሁት።

«አባባ፣ እኛ ጥቆማ እንቀበላለን እንጂ አንመልስም» አለኝ።

«ሙከራ ነው እኮ፤ ሆን ብለው የደፉት ቅማል ነው!»

«ቅማል ቅማል ነው። ደንቡ የተደፋና ያልተደፋ ብሎ አይለይም።»

«ተሳስቻለሁ እያልኩህ ነው!»

«ገብቶኛል አባባ። እሱን በጽሑፍ ቢያደርጉት ነው የሚሻለው።»

ይኸው በጽሑፍ አደረግሁት፤ ተሳስቻለሁ። ሳይገባኝ ጻፍሁ ብል ግን ራሴን ማቅለሌ ነው። ጽሑፉን በበሩ ላይ አንብቤያለሁ። ወርጄ ልጠይቃት እችል ነበር፤ ቤቷ ከቤቴ ይታያል። ያልጠየቅኋት መልስ እንዳይኖራት ፈርቼ አይደለም፤ እንዲኖራት ስላልፈለግሁ ነው። ባሕሩን የጨረሱትን ልደርስባቸው አልቻልሁም፤ ስለዚህ የደረስሁባትን መታሁ። እርስዎም ያደረጉት ይህንኑ ይመስለኛል፤ በዚህ ነገር ተመሳስለናል፤ መመሳሰላችንም ከሁሉ ይልቅ ያሳፍረኛል።

መብራቱን በሚመለከት ያለኝ ቅሬታ እንደጸና ነው።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። ንጹሑ ገንዳ ይትረፍ። ሰው ይላኩ፤ እጁን ውኃው ውስጥ ይክተት፤ አንዱን ዓሣ ያንሣና ይገላብጥ፤ አንዲት ቅማል ካገኘ ያሻዎን ያድርጉ። የተነከሱት ደግሞ እንዲሁ የሚቀርላቸው ዕድሜ የለም፤ ራንቬይግ እንዳመጣቻቸው ራንቬይግ ታሰናብታቸው። ጽሕፈት ቤትዎ በሐሰት ጥቆማ የሚቀጣ ሰው ካስፈለገው አድራሻዬ ከዚህ በታች አለ፤ ከእርሻዬ ርቄ አልሄድም።

ስለ ንቁ ዓይንዎ፣ ስለ ፈጣን ብዕርዎና ከቢሮዎ ሳይወጡ ሩቅ ማየት ስለ ቻሉበት ጥበብ ባርኔጣዬን አንሥቼ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ የሰመረ ጠቋሚ፣
ቶርጋይር ኔስሄም
ክሮክቪካ

ማስታወሻ፦ ዓሦቹን የሚጭነው መኪና ከአውራው መንገድ ወደ ጣቢያው የሚወርድበት መንገድ በእኔ ግጦሽ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ትናንት የአጥሩን በር በሰንሰለት ቆልፌዋለሁ። ሕገወጥ መሆኑን ስለማውቅ በዚሁ ራሴን እጠቁማለሁ፤ ጥቆማዬን በምን ፍጥነት እንደሚመለከቱት ስለለመድሁም ሰኞ ማለዳ ወፍራም ካፖርቴን ለብሼ በሩ ላይ እጠብቃለሁ። ራንቬይግ በዚህ ነገር የለችበትም፤ አላዘዘችኝም፣ አላናገረችኝምም። ሰንሰለቱን ስጠመጥም በመስኮት አየችኝ፤ መጋረጃውንም ዘጋችው።