ዘሊካ ያልፈረመችበት ቤት

ይድረስ ለወንድሜ ለሙኽታር፣ ካለህበት ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ነህ የእናቴ ልጅ? አካም ጅርታ? ወገብህስ ተሻለህ? ሥራው፣ ሙቀቱ፣ አሠሪህስ እንዴት ናቸው? አሲያስ ደህና ናት? ልጃችሁ በድሩስ ቁርኣኑን የት አደረሰ? እኛ አልሃምዱሊላህ፣ እማ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ልጄ ሙና ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። ጨፋ ሜዳ ላይ ማሽላው ደርሶ እየታጨደ ነው፤ ዘንድሮ ወፉም ምሮናል። ስለ ጤናህ የጠየቅኩህ ከልቤ ነው፣ ግን ልቤ ተረጋግቶ እንዳይመስልህ።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትል። በስልክ እኔ አንድ ስል አንተ አሥር ትላለህ፤ ከዚያ ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ከዚያ ሁለታችንም አኩርፈን እንሰነብታለን። ማክሰኞ ዕለት ገና "አልፈረምኩም" ከማለቴ ዘግተህብኛል። ወረቀት አይዘጋም። ይህንን የጎረቤታችን ልጅ ሙሀመድአሚን ቅዳሜ ስለሚበር በእጁ ልኬልሃለሁ። እሱ ፊት አትክፈተው፣ ቤትህ ገብተህ ቁጭ ብለህ አንብበው። በአላህ ይዤሃለሁ፣ መጨረሻው ሳትደርስ እንዳትቀደው።

አዎ፣ አልፈረምኩም። ማክሰኞ ደሴ ሄጄ የቃሲምን ቤት ገዝቼ በስምህ እንድዋዋል ነበር ያዘዝከኝ። አልሄድኩም። የደሴው ጠበቃህ ስድስት ጊዜ ደወለ፣ አላነሳሁለትም። ባለጌ ሆኜ አይደለም፣ ፈርቼ ነው። ዘጠኝ ዓመት የደከምክበት ነገር በእኔ ጣት ገደል ሲገባ ማየት ፈርቼ ነው።

ቤቱን እንደሆነ ወድጄዋለሁ። ሁለት ክፍልና ሰፊ ግቢ፣ ከመስጊዱ ድምፅ የማይርቅ፣ ደረጃ የሌለው፣ ለእማ ጉልበት የተሠራ ነው የሚመስለው። ግቢው ውስጥ አንድ የዘይቱን ዛፍ አለ። እማ እንድታየው ስወስዳት ምን እንዳደረገች ታውቃለህ? ጫማዋን አውልቃ ገብታ ሁለት ረከዓ ሰገደችበት። ከዚያ ወዲህ "አልጋዬን በቂብላው በኩል ነው የማደርገው" ትላለች። የምንከራይበትን ቤት ደግሞ ባለቤቱ ለልጁ ሊያደርገው ስለሆነ እስከ ኅዳር መጨረሻ ልቀቁ ብሎናል። ስለዚህ ቤቱን ያዘገየሁት ጠልቼው አይደለም፣ ወላሂ።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። መጀመሪያ ውሉን ኢማን ትያዘው ስልህ ስቀህብኝ ነበር። ኢማን ማለት ያቺ ከሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን አንዲት ክፍል ይዛ የምትሠራው ጠበቃ። ያልከውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ "ትናንት እናቷ ማሽላ ስትሰፍር ያደገች ልጅ የእኔን ቤት ልታዋውል? ደግሞ የሰፈር ሰው ነው፣ ምስጢራችን በማግሥቱ ገበያ ይወጣል" አልክ። ጓደኛህ በቴሌግራም ያገኘልህን የደሴ ጠበቃ ያዝክ። ክራባት ያለው ፎቶ ልከህልኝ "ይህ ነው ሰው" አልከኝ። እሺ አልኩ። ሰውየው መጥፎ ነው አልልም፣ ያየውን ወረቀት በትክክል አንብቧል። ካርታው በቃሲም ስም ነው፣ ማዘጋጃ ቤት እዳም እገዳም የለበትም ብሏል፣ ቃሲም የአባቱ ብቸኛ ወራሽ ነው የሚል ማስረጃም አለ። "ንጹህ ነው" አለ። ግን ከሚሴን አንድ ቀን አልረገጣትም፣ ግቢውንም አላየም፣ ማንንም አልጠየቀም።

እኔ ደግሞ ሆዴ አልችል አለኝ። ሳልነግርህ ወረቀቶቹን ይዤ ኢማን ዘንድ ሄድኩ። አፉ በለኝ፣ ደብቄሃለሁ። ኢማን መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አንድ ባንድ ካየች በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "የቃሲም አባት ከእሱ ሌላ የተዉት ልጅ የለም?" አለችኝ። "የለም፣ ቃሲም ብቻውን ነው" አልኳት። ሳላመነታ፣ ውሃ እንደምጠጣ።

ሙኽታር፣ ቃሲም እህት አለው። ዘሊካን ረሳሃት? ባቲ ያገባችውን? ሰርጓ ላይ እስኪነጋ ከበሮ የመታሁት እኔ ነኝ እኮ! በማግሥቱ ድምፄ ተዘግቶ እማ ማር ስታልሰኝ አንተ ስታላግጥብኝ ነበር። ግን ኢማን "ልጅ" ስትለኝ ወንድ ብቻ ነው የታየኝ። ዘሊካን ደብቄ አይደለም፣ ጭራሽ ትዝ አላለችኝም። ሴት ሆኜ፣ እህት ሆኜ! እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ያወጣችን ማን መሰለችህ? ያቺው ማሽላ ሰፋሪዋ የኢማን እናት። ኢማን ማታ ቤቷ ገብታ ያንኑ ጥያቄ እናቷን ብትጠይቃት፣ "ዘሊካስ? የባቲዋ? ሞተች እንዴ?" ብላ ደነገጠች አሉ። በማግሥቱ ኢማን ጠርታኝ "እትዬ ሰልሳቢል፣ የዘሊካን ከበሮ የመታሽው አንቺ አይደለሽም?" ስትለኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ከወራሾቹ አንዷ ሳትጠየቅ የወጣ ማስረጃ ነው፤ ዘሊካ ነገ ተነሥታ ብትከስ ውሉም ካርታውም ሊፈርስ ይችላል፤ ያኔ እማ ከነአልጋዋ ውጭ ናት፣ አንተም ገንዘብህን ከቃሲም ኪስ ፈልግ።

ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ በኮምቦልቻ በኩል አብረን ሄድን። ዘሊካን ሽርጥና ሻሽ ዘርግታ ስትሸጥ አገኘናት። አቅፋኝ አለቀሰች። ቃሲም ቤቱን ሊሸጥ መሆኑን አልሰማችም ነበር። ስንነግራት የያዘችውን ሻሽ አጣጥፋ፣ ፈታ፣ እንደገና አጣጠፈች። ኢማን ቀስ ብላ ድርሻዋን ለወንድሟ ትታ እንደሆነ ጠየቀቻት። ዘሊካ ያለችውን እንዳለ ልጻፍልህ።

"አፉ ብያለሁ። በአባቴ አርባ ሰደቃ ላይ፣ ሽማግሌው ሁሉ ተቀምጦ፣ 'ዘሊካ ባሏ ዘንድ ናት፣ ለወንድሟ አፉ ትላለች' ብለው ሁሉም ዞረው አዩኝ። ምን ልበል? አፉ አልኩ። አፌ ነው ያለው። እስከ ዛሬ ግን እስኪ ሆድሽ ምን ይላል ብሎ የጠየቀኝ የለም። ዛሬ እናንተ ጠየቃችሁኝ፤ እንግዲያው ሆዴ አፉ አላለም።"

ኢማን ጻፈች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ፣ ትንሽ ታገሠኝ።

ማክሰኞ ቃሲም ይህን ሰምቶ እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ ቤታችን መጣ። "እህቴ ከወንድሟ ጋር ሰላም ነበረች፤ እናንተ ናችሁ ገበያ ድረስ ሄዳችሁ ያሳመፃችኋት! ቤቱን ለኮምቦልቻ ነጋዴ እሸጠዋለሁ!" እያለ ግቢውን አናወጠው። እኔም ምላሴ አያርፍምና ያለ የሌለውን ተናገርኩት። እማ በዱላዋ ተደግፋ መሀላችን ቆመች። እሱ ከሄደ በኋላ ለእኔ ምን አለች መሰለህ? "ኢልመ ኮን አታስቀይሚብኝ፣ ልጄን፤ እኔ ጎጆም ይበቃኛል" አለች። ከቃሲም ጩኸት ይልቅ ይህ አንጀቴን ቆረጠው።

ኢማን በማግሥቱ ቃሲምን ብቻውን ቢሮዋ ጠርታ አነጋገረችው። ምን እንዳለችው አልነገረችኝም፤ ምስጢር ትጠብቃለች፣ ይህንን ልብ በል። ሲወጣ ግን በርዶ ነበር። የኮምቦልቻውም ነጋዴ ጠበቃ ይኖረዋል፣ ያም እንደሚጠይቅ ሳይገባው አልቀረም። አሁን የተስማሙት ቃሲምና ዘሊካ ሁለቱም ሻጭ ሆነው እንዲፈርሙ ነው፤ ዘሊካ ሸሪዓው የሰጣትን ድርሻ ውሉ ላይ በምስክር ፊት በእጇ ትቀበላለች። ቃሲም የሚጠብቀን እስከ ኅዳር ሠላሳ ነው። ከዚያ አንድ ቀን አይጨምርም።

ችግሩ አንተ ጋ ነው። የላክህልኝ ውክልና ከቃሲም ብቻ እንድገዛ ነው የሚለው፣ የደሴው ጠበቃ ነው እንደዚያ ያጻፈህ። አሁን ሁለቱንም ሻጮች የሚጠቅስ አዲስ ውክልና ከቆንስላው አውጥተህ ውጭ ጉዳይ እንዲረጋገጥ በሚመጣ ሰው አዲስ አበባ መላክ አለብህ። ኢማን የጻፈችው ረቂቅ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ቀን የለንም። ተናደድብኝ፣ ስደበኝ፣ ግን እየሰደብከኝ ወደ ቆንስላው ሂድ።

አሁን ያንን ታገሠኝ ያልኩህን ልንገርህ። ዘሊካ ስታወራ የታየኝ የእኛ ግቢ ነው። የአባታችን አርባ ሰደቃ። ያኔ አንተ ሃያ ሁለት ዓመትህ ነበር፣ ዓይንህ መሬት መሬት ያይ ነበር። አጎታችን "ሰልሳቢል ለወንድሟ አፉ ትላለች" ሲሉ እኔ ሙናን በእጄ ይዤ ከሴቶቹ በኩል ቆሜ ነበር። ሁሉም ዞረው አዩኝ። አፉ አልኩ። በሳምንቱ ሁለቱ በሬዎችና ላሚቱ ሮቢት ገበያ ተሸጡ፣ አንተ በዚያ ተሳፈርክ። አልተጸጸትኩም፤ ብትጠይቀኝ ኖሮ በሁለት እጄ እሰጥህ ነበር። ግን አልጠየቅከኝም። ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን አልጠየቅከኝም። ገንዘብ በላክህ ቁጥር "ለእማ ነው" ትላለህ፤ እማን ገላዋን የሚያጥባት፣ የሚያለብሳት፣ ማታ ጉልበቷን የሚያሸው ማን መሆኑን ታውቃለህ። ይህን ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም።

ትናንት ረቂቁን ስትጽፍ ኢማን እንደ ልማዷ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። "ገዢው ሙኽታር ነው። ብቻውን ነው?" አለችኝ። ባለፈው ስለ ቃሲም ብቻውን ነው ብዬ እንዴት እንደ ቀለልኩ አስታወስኩ። "ያንን እሱ ይመልስ" አልኳት። ስለዚህ ረቂቁ ላይ ከስምህ ቀጥሎ አንድ ባዶ መስመር ታያለህ። የእማን ስም ጻፍበት፣ የእኔን ጻፍበት፣ ወይም በብዕር ሰርዘው፤ የፈለግከውን ብታደርግ ቤቱን እፈርምልሃለሁ፣ እማም ትገባበታለች። በዚህ አትጠራጠር። እኔ ግን በዚያ መስመር ላይ በገዛ እጄ አንዲት ፊደል አልጽፍም። ዘንድሮ የምፈልገው መጠየቅ ነው።

ለአሲያ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ የላከችው ሻሽ ለሙና ሆኗል፤ አትቆጪኝ በላት። በድሩን በሁለት ጉንጩ ሳምልኝ። ሙና "ለአጎቴ ትምህርቴን አልተውኩም በይልኝ" ብላለች። ኢማንም አይታህ ባታውቅም ሰላም ብላሃለች፤ እናቷ ደግሞ ማሽላዋን ዛሬም እንደምትሰፍር ንገሪው ብላኝ ስቃለች። እማ አጠገቤ ተቀምጣ ምን እንደምጽፍ ሳታውቅ ዱዓ እያደረገችልህ ነው። ለልጄ ምን ልጻፍልሽ ብላት "አልጋዬ በቂብላው በኩል ነው በዪው" አለችኝ።

አላህ ይጠብቅህ።

የአባታችን የመጀመሪያ ልጅ፣
እህትህ ሰልሳቢል

ከሚሴ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.