አንድ ጭብጥ ቅጠል

ሐይቅ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙነወር፤ የአሏህ ሰላም ካለህበት አዲስ አበባ ይድረስህ።

በስልክ ስጠይቅህ ወሬ ስለምትቀይርብኝ ነው መጻፌ። እኔ ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ሐይቁ ዘንድሮ ሞልቷል፣ እህትህ ኢልሀምም ሱቋን ከፍታለች።

«ለላቦራቶሪያችን ምርምር እፈልገዋለሁ» ያልከኝ፣ አባትህ፣ አሏህ ይማረውና፣ ለኩላሊቱ ይጠጣው የነበረው ቅጠል ይኸው ፌስታሉ ውስጥ አለልህ። በቀላሉ የተገኘ እንዳይመስልህ። አጎትህን ኑርዬን ታውቀዋለህ፤ መድኃኒቱን ወቅጦ እንጂ በቅጠሉ ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። «የተወቀጠውን እነሙነወር ሊለዩት አይችሉም» ስለው፣ «እንዳይለዩት አይደል የምወቅጠው! ካባቴ በዱዓ የተቀበልኩት አማና፣ አደራ ነው፤ ስሙን ከጠራሁት ይረክሳል» አለኝ።

«ስሙን ማን ጠየቀህ? የወንድምህ ልጅ ነው የላከኝ» አልኩት። በማግስቱ አምባሰል ገደሉ ላይ ይዞኝ ወጣ። አንድ ቁጥቋጦ ጋ ሲደርስ ቆመና ጀርባውን ሰጥቶኝ መንዙማ ማንጎራጎር ጀመረ። እኔም ቆረጥኩ። ስንወርድ «ምንም አልነገርኩሽም» አለኝ። «ምንም» አልኩት። አማናውንም አልበላ፣ ወንድሙንም አልከዳ።

አሁን ስማኝ ልጄ። ቅጠሉ ከንቱ ነው አልልም። የአባትህ የእግሩ እብጠት ሲጎድል በዓይኔ አይቻለሁ። ግን የውስጡን ማን አየለት? «ቀሎኛል» እያለ ሐኪም ቤት መሄዱን ሲያዘገይ፣ ደሴ ስንደርስ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ውኃ በቋጠረ እባጭ ተሞልተው ነበር። ሐኪሙም በዘር የሚወርድ ነው፣ አንዱን ልጅ ይዞ አንዱን ይተዋል፣ ልጆቹ ይታዩ አለን። ኢልሀም ታየች፤ ነፃ ናት። አንተ «ሥራ በዝቶብኛል» አልክ።

ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ነጥላችሁ፣ የሚጠቅመውን ከሚጎዳው ለይታችሁ መድኃኒት ብታደርጉት ከእኔ በላይ የሚደሰት የለም። ግን ብዙ ዓመት ይፈጃል ያልከኝ አንተው ነህ።

ባለፈው ስትደውል የት እንደሚበቅል፣ መቼ እንደሚለቀም ጠየቅከኝ። ይሄ የመርማሪ ጥያቄ ነው። ቀጥለህ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ «አባዬ ሲጠጣው ያቅለሸልሸው ነበር? ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» አልከኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስለዚህ የላኩልህ አንድ ጭብጥ ብቻ ነው። ለምርምር ይበቃል። ለሌላ ነገር አይበቃም፤ እንዳይበቃ አድርጌ ነው የቆረጥኩት። ሌላ ከፈለግክ አባትህ እንደዘገየው ሳትዘገይ ሐኪም ፊት ቅረብና ውጤቱን ይዘህ ና።

አሏህ አፊያህን አያጉድልብህ፤ የደበቅከውን ሁሉ እሱ ያቅልልህ።

እናትህ ዑምኩልሱም

ይህን ሳልነግርህ እንዳልቀር፦ እኔም ባለፈው ሳምንት ደሴ ሄጄ ታየሁ። በእኔ ዘር ይህ በሽታ የለም፤ ሁለቱም ኩላሊቶቼ ደህና ናቸው። ሰው በአንዱ መኖር ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ይችላል አሉኝ።