ስለ አዲሱ ሞተርሽ ዘይት

እታለም፣

ተኝተሽ ነበር፣ አልቀሰቀስኩሽም።

ዛሬ ለውድድር መኪናሽ አዲሱ ሞተር ሲገጠምልሽ ዘይቱን ራስሽ አስሞዪ። በር ጥግ ያቆምኩልሽ ጀሪካን አሥር ስልሳ የሚባለው ነው፣ ወፍራሙ ዘይት። ጠዋት ሞተሩ እስኪሞቅ ይከብደዋል፤ እንደ ልማድሽ አታጣድፊው። ውድድር ላይ ስትጋልቢው ግን እሳት ነው የሚሆነው። ቀጭን ዘይት እንደዚያ ሲግል ውሃ ይሆናል፣ ብረቱ እርስ በርሱ ይበላላል። ዜሮ ሃያ የሚባለው ቀጭኑ ለኔዋ ኤሊ መኪና ነው።

ለአባባ «ሞተሩን የገደለው የኔ አነዳድ ነው» ስትይው አጠገብሽ ነበርኩ።
ሦስት ሳምንት ሙሉ «ጋሼ፣ ልፋትህን ገደል ከተትኩት፣ ይቅር በለኝ» ስትይኝም፣ «ግዴለም፣ ያጋጥማል» እያልኩ ይቅርታሽን ስቀበል ከረምኩ።

ባለፈው ዘይት ስቀይርልሽ የሞላሁትን ዘይት ጽፌ አሮጌው ሞተር ላይ ያንጠለጠልኳትን ካርድ «ጠፋች» ብዬሽ ነበር። ማንኪያ መሳቢያው ውስጥ ናት፣ ከፎጣው ሥር።
ዜሮ ሃያ ትላለች።
ሱቅ መሄድ ታክቶኝ ከኔ መኪና የተረፈውን ነው የሞላሁልሽ።

ምሳሽ ምድጃው ላይ አለ።

ማታ በሩን ከውስጥ ከቀረቀርሽው አላንኳኳም።