ወንዝ ዳር ያለው ጋራዥ

ግንቦት 12
ዛሬ ስፌት የለም። የሰፈር ስብሰባ ዋልኩ። ወንዝ ዳር ያሉት ቤቶችና ጋራዦች ይነሱ፣ ቦታው ዛፍ ይተከልበት፣ ክረምቱ ከዓመት ዓመት እየከበደ ስለሆነ ጎርፉን ይይዝልናል ነው ነገሩ። ዕቅዱን ይዛ የመጣችው መሐንዲስ ጥሩ አድርጋ አስረዳች። ደግፌ እጄን አወጣሁ። ወንድሜ ከፊት ወንበር ዞሮ ገላመጠኝ። የሱ ጋራዥ እኮ አፋፉ ላይ ነው... ተቃዋሚው በለጠ። ሊቀመንበሩ ሲቆጥር ላብ በላብ ሆነ።

ግንቦት 14
በሬዲዮ፦ «ነዋሪው በሙሉ ድምፅ ደገፈ።» በሙሉ? ለራሴ ልዋሽ እንዴ፣ ደስ ብሎኛል። ለበጎ እስከሆነ ድረስ ምን አለበት?

ግንቦት 20
ወንድሜ ሱሪ ሊያስጠብብ መጣ። ሻይ አልጠጣም አለ።
«ፊታቸው ያወጣሁትን እጅ ያላዩ ናቸው ከሰማይ የሚመጣውን የሚያዩት?»
«ዛፉ ግን ይጠቅማል...»
«ይጠቅም ይሆናል። ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?»
ሱሪውን ተቀብዬ መርፌዬን ፈለግኩ።

ሰኔ 9
ቤቶቹ ገና ሳይነሱ ባዶው ዳርቻ ላይ የተተከሉት ችግኞች ተነቅለው አደሩ። ማን እንደነቀላቸው ሰፈሩ ያውቃል፤ ሁሉም አፉን ዘግቷል። መሐንዲሷ ሱቄ በር ላይ ቆማ «ቆጠራው ውስጥ እኔ የለሁበትም» አለችኝ። ማን ይስማት? ሰላም የሚላትም የለም።

ሐምሌ 3
ዝናብ። ወንዙ ደፍርሶ ድልድዩን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ሐምሌ 4
ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ከጠዋት ጀምሮ ይዞራል። ከላይ ከባድ ጎርፍ እየመጣ ነው፣ ወንዝ ዳር ያላችሁ ውጡ ይላል። የመሐንዲሷ ድምፅ ነው፤ ጎርንኗል። ማንም ንቅንቅ አላለም። «በዛፍ ያልሆነላቸውን በጎርፍ ሊወስዱ ነው» እየተባባሉ ይስቃሉ።

ጋራዥ ሮጥኩ። ወንድሜ መኪና ስር ተኝቷል። ሚስቱ ከኋላ ክፍል ልጆቹን ምሳ ታበላለች።
«ተነስ፣ በሞቴ። ሁላችሁም እኔ ጋ ኑ።»
ወጣ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ትክ ብሎ አየኝ። ቁጣ እንኳ የለውም።
«እህቴ፣ አንቺ ዋሽተሽኝ አታውቂም። አሁን የሚሉትን ታምኛለሽ?»
አዎ ማለት ብቻ ነበር። ምን ያዘኝ? ያ ሬዲዮ መጣብኝ... አፌ ላይ ደርሶ ዘገየ።
መዘግየቴን አየ። ተመልሶ መኪናው ስር ገባ። የተኛበት መሬት ረጥቧል።

የራሰ ልብሴን ልቀይር ነው ቤት የመጣሁት። ተመልሼ እሄዳለሁ፣ አዎ እለዋለሁ። ግን አሁን እኔንስ ያምነኛል?