ሞተሬን የቀማኸኝ እሑድ

ውድ ሕዝቅያስ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲያ ስለሚባል ነው። ስድብም አስቤ ነበር፤ በጽሑፍ አያምርም ብዬ ተውኩት። ስትደውል የማላነሳው ማልቀሴን እንድትሰማ ስለማልፈልግ ነው።

ጋሽ ተክለአብ ለእኔ ማን እንደሆኑ ታውቃለህ። እዚሁ ለንደን፣ ክሮይደን ሆኜ የመኖሪያ ፈቃዴን በምጠብቅበት ጊዜ በስልኬ የማየው የእሳቸውን ቪዲዮ ብቻ ነበር። ሽማግሌ ሐበሻ፣ ሩብ ማይል ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ከፈረንጆች ጋር መኪና እያስወነጨፉ የሚሽቀዳደሙ! ኮሌጅ የሞተሩን የላይ ክዳን «ሲሊንደር ሄድ» ብለው ያስተማሩኝን እሳቸው እንደ አዲስ አበባ መካኒክ «ቴስታታ» ሲሉት፣ ይህ ሙያ ለእኔም ይሆናል ብዬ አመንኩ።

መኪናዋ ያንተ ናት፣ አልክድም። ሞተሯን ግን ሃክኒ በምሠራበት ጋራዥ ውስጥ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራሁት እኔ ነኝ። አንተ ሻይ ታመጣ ነበር። ሻዩስ ጥሩ ነበር።

ያን እሑድ ከጓደኛችን ከሙባሽር ጋር ሦስታችን ወደ ሩብ ማይሉ የድራግ ውድድር ስንሄድ፣ ለጋሽ ተክለአብ የምለውን ስለማመድ መንገዱን ሙሉ ሳቃችሁብኝ። እሳቸው ግን ራሳቸው ወደ መኪናችን መጡ። ኮፈኑን አስከፍተው፣ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ።

«እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ካየሁ ስንት ጊዜዬ! የማን እጅ ነው? ይባረክ!» አሉ።

አንገቴን ደፋሁ። አስተዳደጋችንን ታውቃለህ፤ ታላቅ ሰው ፊት «እኔ ነኝ» ብሎ ራስን ማሞገስ ነውር ነው፤ የሚናገርልህ አጠገብህ ያለው ሰው ነው። አጠገቤ የነበርከው አንተ ነህ። ስለዚህ ጠበቅኩህ።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አልክ። «ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።»

ሙባሽር «ሕዝቄ፣ ሲሪየስ ነህ?» ሲልህ በክርንህ ጎሸም አደረግከው። ጋሽ ተክለአብ አልሰሙም። ትከሻህን ይዘው «ከመጪው ቅዳሜ ሳምንት ና፣ ከቡድኔ ጋር ትሠራለህ» አሉህ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺስ የኔ ልጅ፣ መኪና ትወጃለሽ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ» አልኩ። ስንት ዓመት ላገኛቸው ከተመኘኋቸው ሰው ጋር የተነጋገርኩት ይኸው ነው።

እናቴ «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ስትል ሰውን ሁሉ የምትጠራጠር ትመስለኝ ነበር። ትናንት መልእክትህ ሲደርሰኝ ገባኝ፦ «ብፅዓትዬ፣ ቅዳሜ ቴስታታ ፈትተህ አሳየኝ ብለውኛል። ፕሊስ፣ አንድ ቀን ብቻ ቲች አድርጊኝ።» መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ጋራዡ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የሚያንገበግበኝ ምን እንደሆነ ልንገርህ? «እኔና እሷ አብረን ሠራነው» ብትል ኖሮ ደስ እያለኝ ዝም እል ነበር። ግማሹን ሳትለምነኝ እሰጥህ ነበር። አንተ ግን ሁሉንም ወሰድከው፣ እኔንም መኪና የምትወድ ልጅ አድርገህ አቆምከኝ።

አላስተምርህም። እስከ ዓርብ ጊዜ አለህ፤ አንተው ደውለህ እውነቱን ንገራቸው። ካልነገርካቸው ቅዳሜ ጠዋት መፍቻዬን ይዤ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ። እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም፤ ያፍሩብኝም ይሆናል። የሚናገርልኝ ጓደኛ ስለሌለኝ ግን ራሴ እናገራለሁ።

ብፅዓት
አርችዌይ፣ ለንደን